ከፎርማት በኋላ እምቢ ያሉ የላፕቶፕ ቁልፎች፦ ኪቦርድ ከመግዛትዎ በፊት

ባለፈው ክረምት አንዲት መምህርት ላፕቶፓቸውን ይዘው ጎንደር፣ ማራኪ በተባለው ሰፈር ወደምሠራበት ክፍል መጡ። ሲከፍቱት የስክሪኑ ብርሃን ዓይን ይወጋል። የተማሪዎቻቸውን ውጤት የሚሞሉት ማታ ማታ ነው። ብርሃኑ ስላስቸገራቸው የነጠላቸውን ጫፍ ስክሪኑ ላይ ጣል አድርገው፣ ቁጥሩን በነጠላው ውስጥ እያነበቡ ይሠሩ ነበር። «ወንድሜ፣ ዊንዶውሱ ከተቀየረ ወዲህ ብርሃን መቀነሻው አልሠራ አለኝ። ኪቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር ተብያለሁ» አሉኝ። የአዲሱን ኪቦርድ ዋጋ ጠይቀው፣ ብሩንም በቦርሳቸው ይዘው ነበር የመጡት።

ኪቦርዱ ግን ምንም አልሆነም ነበር። የጎደለው አንድ ድራይቨር ነው፤ ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ክፍሎች ጋር የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ከፒያሳም ከአዘዞም ይመጣል፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ ቁጥራቸው ጨምሯል። ሰው የቆየ ላፕቶፑን ዊንዶውስ 11 ወይም ሊኑክስ ያስጭናል፣ ቤቱ ሲደርስ የብርሃኑ፣ የድምፁ ወይም የዋይፋዩ ቁልፍ አይታዘዝም። ትናንት ሲሠራ የነበረ ቁልፍ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተቀየረ ማግስት እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የቁልፉ ሳይሆን መልእክቱን የሚያደርሰው ድራይቨር ነው። ስለዚህ ብርዎን ከማውጣትዎ በፊት ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ይሞክሩት።

ቁልፉ የሚልከው መልእክት

ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ያሉት የላይኛው ረድፍ ቁልፎች ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛው የጥንት ሥራቸው ነው፦ ኤፍ 5 ገጽ ያድሳል፣ ኤፍ 2 የፋይል ስም ለመቀየር ይከፍታል። ሁለተኛው በላያቸው በትንሽ ሥዕል የተመለከተው ነው፤ የፀሐይ ሥዕል ለብርሃን፣ የድምፅ ማጉያ ለድምፅ፣ አውሮፕላን ለዋይፋይ። በሁለቱ መካከል የሚያቀያይረው ከታች በግራ በኩል ያለው ኤፍኤን የተባለው ቁልፍ ነው።

የፊደል ቁልፎች መልእክት በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛውም ዊንዶውስ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። የኤፍኤን ነገር ግን እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ የሚቀበለው ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለ ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ ነው። ቺፑ አንዳንዱን ሥራ ራሱ ይጨርሰዋል፣ ሌላውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያሳልፋል። ሲያሳልፍ የሚናገረው ደግሞ በአምራቹ ቋንቋ ነው፤ ኤችፒ የራሱ አለው፣ ሌኖቮ የራሱ፣ ቶሺባ የራሱ። በመካከል የሚያስተረጉመው ድራይቨር ነው። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ አስተርጓሚው አብሮ ተጭኖ ነበር፤ ፎርማት ሲደረግ ጠፋ። አዲሱ ዊንዶውስ አብዛኛውን ነገር ራሱ ያሟላል፣ ይህን ግን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

መጀመሪያ፣ በትክክል ያጥፉት

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሸት ዳውን» ሲሉት ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቶሎ ለመነሣት ሲል የሥራውን ከፊል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፤ ከነስሕተቱ ይተኛል፣ ከነስሕተቱ ይነቃል። ስለዚህ «ሪስታርት» የሚለውን ይምረጡ። ያ ካልበቃ ያጥፉት፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ይህ ያ ትንሽ ቺፕ የያዘውን የተጣበቀ ሁኔታ ጥሎ እንደ አዲስ እንዲጀምር ያደርገዋል። ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው።

ሁለተኛ፣ እምቢ ያለው የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ወረቀት ያውጡና ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 አንዴ ብቻውን፣ አንዴ ከኤፍኤን ጋር እየተጫኑ የሆነውን ይጻፉ። በዚህ መካከል ስክሪኑ ድንገት ቢጠቁር አይደንግጡ፣ ምስሉን ወደ ፕሮጀክተር የሚልከውን ቁልፍ ነክተው ይሆናል። የዊንዶውስን ቁልፍ እንደያዙ ፒ የሚለውን ፊደል ሁለቴ ይጫኑና ኢንተር ይምቱ፤ ካልተመለሰ ይድገሙት። ጠቋሚውን በጣት የምናንቀሳቅስበት ሰሌዳ ወይም ዋይፋዩ ቢጠፋም የነኩትን ቁልፍ መልሰው ይንኩ።

ወረቀቱ ብዙ ይነግርዎታል። ኤፍ 5 ገጹን ማደስ ትቶ ብርሃኑን የሚለዋውጥ ከሆነ ምንም አልተበላሸም፤ ሁለቱ ሥራዎች ቦታ ተለዋውጠው ነው። ድምፅና ሌላው ሁሉ እየሠራ ብርሃን ብቻ እምቢ ካለ ነገሩ የስክሪን ድራይቨር ነው። የድምፁ ምልክት ስክሪን ላይ እየወጣና እየወረደ ድምፅ ከሌለ ቁልፉ ሥራውን ሠርቷል፤ የሚፈለገው የድምፅ ድራይቨር ነው። ኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ብቻቸውን እየሠሩ ሥዕል ያለባቸው በሙሉ ከሞቱ ደግሞ የአምራቹ የቁልፍ ፕሮግራም ጎድሏል።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉና ገና ሲነሣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይግቡ። በዴል፣ በኤሰር፣ በአሱስና በቶሺባ ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ 1፣ በአይዲያፓድ ኤፍ 2 ነው። ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስም ድራይቨርም የለም። መግቢያ ቁልፉ አስገብቶዎት ከሆነ የኤፍ ረድፍ ሕይወት አለው ማለት ነው። ብዙ ላፕቶፖች እዚያ ውስጥ ሆነው በኤፍኤን ብርሃን ይቀንሳሉ፤ የእርስዎ እንዲህ ካደረገ ኪቦርድ ይቀየር የሚልዎትን ማንንም አይስሙ።

ሥራቸው ከተለዋወጠ

አቋራጩ ኤፍኤንን ይዞ ኢስኬፕን መጫን ነው። በብዙ ሌኖቮ፣ ዴልና አሱስ ላይ ይሠራል፤ ኢስኬፕ ላይ ትንሽ የቁልፍ ጋን ሥዕል ካለ ምልክቱ ያ ነው። በአንዳንድ ኤችፒ ኤሊትቡክ ላይ ኤፍኤን ከግራው ሺፍት ጋር ነው።

አቋራጭ ከሌለው ባዮስ ውስጥ ይለወጣል። በኤችፒ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ውስጥ «አክሽን ኪይስ ሞድ» የሚል አለ። በአይዲያፓድ «ኮንፊገሬሽን» ውስጥ «ሆትኪ ሞድ» ይባላል። በዴል ስሙ ብዙ ጊዜ «ኤፍኤን ሎክ» ነው፣ በኤሰር «ፋንክሽን ኪ ቢሄቪየር»። ለውጠው ሲጨርሱ ሴቭ አድርጎ መውጣት በአብዛኛዎቹ ኤፍ 10 ነው። በኤክሴል የሚሠሩ የሒሳብ ሰዎች ኤፍ 2ንና ኤፍ 4ን ቀኑን ሙሉ ስለሚጫኗቸው የጥንቱ ሥራ ቢቀድምላቸው ይሻላል፤ ለሌላው ሰው ድምፅና ብርሃን በአንድ ጣት መገኘቱ ይመቻል።

ቲንክፓድ ለገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በብዙዎቹ ላይ የጥጉ ቁልፍ ኮንትሮል ሳይሆን ኤፍኤን ነው። ኮፒ ላድርግ ብለው ሲጫኑ ምንም ካልሆነ የተሳሳተው ጣትዎ እንጂ ቁልፉ አይደለም። ባዮስ ውስጥ ሁለቱን ማለዋወጥ ይቻላል።

ብርሃኑ ብቻ እምቢ ካለ

የመምህርቷ ጉዳይ ይህ ነበር። የመነሻውን ምልክት በቀኝ ቁልፍ ነክቼ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ከፈትኩና «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘረጋሁት። የኢንቴል ስም መኖር በነበረበት ቦታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። ይህ ዊንዶውስ እውነተኛውን ድራይቨር ሲያጣ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ድራይቨር ነው። ምስል ያሳያል፤ የስክሪኑን መብራት ማዘዝ ግን አይችልም። ሴቲንግ ውስጥ ብንገባም የብርሃን ማንሸራተቻው የለም። ቁልፉ ቢያዝ ማን ይታዘዛል?

ለሞዴላቸው የተዘጋጀውን የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ጫንኩት። ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ጠቁሮ ተመለሰ፣ ጽሑፉ ጠራ፣ ምልክቶቹ መጠናቸው ተስተካከለ። «አሁን ይጫኑት» አልኳቸው። ኤፍኤንን በግራ እጃቸው ይዘው የፀሐይዋን ቁልፍ አንድ አንድ ጊዜ ነኩ፣ ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ ወረደ። እስከ መጨረሻው አውርደው እንደገና ወደ ላይ አወጡት፣ ዝም ብለው ብዙ ጊዜ ደጋገሙት።

ስለዚህ ብርሃን ሲያስቸግርዎት በመጀመሪያ ማንሸራተቻው መኖሩን ይዩ። ከሌለ ኪቦርድ አይንኩ፣ የስክሪን ድራይቨር ይጫኑ። ማንሸራተቻው ኖሮ በእጅ ሲጎትቱት የሚሠራ፣ በቁልፍ ግን የማይሠራ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

የአምራቹን ድራይቨር ማግኘትና መጫን

መጀመሪያ የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል ይወቁ። «ኤችፒ ነው» ወይም «ኮር አይ 5 ነው» ማለት ለድራይቨር አይበቃም። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ተፍቆ ከሆነ የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብለው ይክፈቱና «ሲስተም ሞዴል» የሚለውን መስመር ያንብቡ። ዴል ከሆነ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው «ሰርቪስ ታግ» ባዮስ ውስጥም ይገኛል።

ከዚያ በአምራቹ ድረ ገጽ የድጋፍ ክፍል ሞዴሉን አስገብተው በዚህ ቅደም ተከተል ያውርዱ፦ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ)፣ ቀጥሎ ግራፊክስ (የስክሪኑ)፣ ቀጥሎ ድምፅና ዋይፋይ፣ በመጨረሻ የቁልፎቹ ፕሮግራም። የቁልፎቹ ፕሮግራም በያምራቹ ስሙ ይለያያል። ለቢሮ የሚሠሩ ኤችፒዎች «ኤችፒ ሆትኪ ሰፖርት»ን ይፈልጋሉ፣ የቤት ኤችፒዎች «ኤችፒ ሲስተም ኢቨንት ዩቲሊቲ»ን። ቲንክፓድ «ሆትኪ ፊቸርስ ኢንተግሬሽን» ነው። የቆየ አሱስ «ኤቲኬ ፓኬጅ»፣ አዲሱ «አሱስ ሲስተም ኮንትሮል ኢንተርፌስ»። የቆየ ቶሺባ «ቫልዩ አድድ ፓኬጅ» ይባላል፤ የቶሺባ ላፕቶፕ ሥራ ስሙ ዳይናቡክ ስለሆነ ድራይቨሩን በዚያ ስም መፈለግ ያስፈልጋል። ዴል በዚህ በኩል ያርፋል፣ አብዛኛውን ነገር ቺፑ ራሱ ይሠራዋል።

በዝርዝሩ ላይ ለሞዴልዎ ዊንዶውስ 11 ከሌለ የዊንዶውስ 10ን፣ ባለ 64 ቢቱን ይውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይጫናል። ከጫኑ በኋላ ሪስታርት ያድርጉና ዲቫይስ ማኔጀርን መልሰው ይክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበት «አንኖውን ዲቫይስ» የቀረ ካለ አስተርጓሚ ያላገኘው ክፍል እሱ ሊሆን ይችላል። በዊንዶውስ 11 «ዊንዶውስ አፕዴት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» ውስጥ ገብተው የድራይቨር ዝርዝሩን ይዩ። ሰው የማይከፍተው ክፍል ነው፤ የጎደለው ድራይቨር ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ በእኛ አገር በተለይ የሚያጋጥም ነገር አለ። ኢንተርኔት የምናገኘው ከስልክ ስለሆነ፣ ዳታ እንዳያልቅብን ብለን ግንኙነቱን «ሚተርድ» እናደርገዋለን። ይህ ሲበራ ዊንዶውስ ድራይቨር ማውረድ ያቆማል። ለጊዜው ያጥፉት። ዳታው ከከበደዎት የሌሊት ጥቅል ገዝተው ተኝተው ሳሉ ያውርደው። አዲሱ ዊንዶውስ ዋይፋዩን ጭራሽ ካላወቀው ደግሞ ስልክዎን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና ስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን ያብሩ። ያለ ዋይፋይ ድራይቨር ኢንተርኔት ያገኛሉ።

ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እንጭናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አልወዳቸውም። የማይፈልጉትን ጨምረው ያስገባሉ፣ አንዳንዴም የሌላ ሞዴል ድራይቨር ጭነው የሚሠራውን ያበላሻሉ። ባዮስ ማደስ የሚልም ያያሉ፤ ለቁልፍ ብለው አይጀምሩት። የግድ ካስፈለገ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። በመካከል መብራት ሄዶ ባትሪውም ካልያዘ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል።

ተጭኖም እምቢ ካለ

ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው «ታስክ ማኔጀር» ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ እንዲፈጥን ተብሎ ሲነሣ የሚነሡት ፕሮግራሞች በሙሉ ሲዘጉ የቁልፎቹ ፕሮግራም አብሮ ይዘጋል። የአምራቹን ስም የያዘውን መልሰው ያብሩት።

ሁለተኛው የተጫነው ዊንዶውስ ራሱ ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ፣ «ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው» የሚባሉ የተቀነሱ ዊንዶውሶች አሉ። ከተቀነሰው ውስጥ የቁልፎቹ ፕሮግራም የሚደገፍበት አገልግሎት ካለበት ምንም ዓይነት ድራይቨር አያድነውም። ከማይክሮሶፍት የወጣውን ሙሉ ዊንዶውስ አስጭነው እንደገና ይጀምሩ።

ሦስተኛው «ፊልተር ኪይስ» ነው። የቀኙን ሺፍት ለስምንት ሰከንድ ይዞ መቆየት ያበራዋል። ሲበራ ኪቦርዱ ፈጣን ንክኪን መቀበል ስለሚተው የሞተ ይመስላል። ሴቲንግ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ»፣ ከዚያ «ኪቦርድ» ብለው ያጥፉት።

ፊደል ሲጽፉ ቁጥር ከወጣ

ይህ የራሱ ታሪክ ነው፣ ግን መንስኤው ያው ኤፍኤን ነው። በጎን የቁጥር ሰሌዳ የሌላቸው የቆዩ ላፕቶፖች በቀኝ እጅ በኩል ያሉ ፊደሎችን ቁጥር ያደርጋሉ፤ ጄ፣ ኬ፣ ኤል 1፣ 2፣ 3 ይሆናሉ፣ ዩ፣ አይ፣ ኦ 4፣ 5፣ 6 ይሆናሉ፣ ኤም ደግሞ 0። በድምፅ አጻጻፍ አማርኛ የሚጽፍ ሰው «ሰላም» ለማለት ሲነካ «ሰ3አ0» ይወጣለታል፣ የአማርኛው ፕሮግራም ተበላሸ ብሎ አጥፍቶ ይጭነዋል። ለውጥ የለም። ኤፍኤንን ይዘው «ነም ሎክ» የተጻፈበትን ቁልፍ ይጫኑ። በአንዳንዱ ከኤፍ 11 ወይም ከኢንሰርት ጋር ተደርቦ በትንሹ ነው የተጻፈው፤ ብርሃን ያለበት ቦታ ሆነው ይፈልጉት።

ሊኑክስ ከጫኑ

ኡቡንቱ ወይም ሚንት ከሆነ የቁልፎቹ ድራይቨር ለብዙ ሞዴሎች ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ የሚወርድ ነገር የለም። ካልሠራ መጀመሪያ ሁሉንም አፕዴት ያድርጉ። በሚንት «አፕዴት ማኔጀር» ውስጥ «ቪው»፣ «ሊኑክስ ከርነልስ» ብለው አዲስ ከርነል መምረጥ ይቻላል። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ከሆነ «ድራይቨር ማኔጀር»ን ይክፈቱ። ቁልፉ እየተሰማ ሥራ ያልተሰጠው ከሆነ የኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «ሾርትከትስ» ብለው ድምፅ መጨመሪያውን ወይም መቀነሻውን በእጅዎ ያስሩት።

ኪቦርዱ በእውነት ተበላሽቶ ከሆነ

ባዮስ ውስጥም የማይሠራ፣ አጠገቡ ያሉ ሁለት ሦስት ቁልፎችም አብረውት የሞቱ፣ ወይም ቡና ወይም ውኃ የፈሰሰበት ከሆነ ድራይቨር አይፈውሰውም። የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክተው ያረጋግጡ፤ በዚያኛው ኤፍ 5 እየሠራ በላፕቶፑ ካልሠራ መቀየሩ ተገቢ ነው። ያኔ በሞዴሉ ቁጥር ይግዙ፣ የገመዱ አሰካክ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ።

በሚቀጥለው ፎርማት ጊዜ

ዊንዶውሱ ከመጥፋቱ በፊት፣ ቁልፎቹ ገና እየሠሩ ሳሉ፣ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ያዘጋጁ። ሲ ድራይቭ፣ «ዊንዶውስ»፣ «ሲስተም 32»፣ «ድራይቨር ስቶር» ውስጥ ይግቡና «ፋይል ሪፖዚተሪ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ ያድርጉ። ከአዲሱ ዊንዶውስ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ምልክት ያለበትን በቀኝ ቁልፍ ነክተው «አፕዴት ድራይቨር»፣ ቀጥሎ ከኮምፒውተሬ ፈልግ የሚለውን ይምረጡና ያንን ፎልደር ያሳዩት። ያለ ኢንተርኔት ያገኘዋል። የቁልፎቹ ፕሮግራም ግን እዚያ ውስጥ ስለማይኖር ያወረዱትን መጫኛ ፋይል ለብቻው ጨምረው ያስቀምጡ። ለመምህርቷም እንዲህ አድርገናል፤ ፍላሹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው የላፕቶፑን ሞዴል በስክሪብቶ ጽፈውበታል።